ለውሻም ለሰውም የሚሆን ሳር

ጀዊሪያ ሰው በሚተራመስበት የመርካቶ ሱቅ ውስጥ በጉልበቷ ተንበርክካ ሳር ታሸታለች።

"ማዘር፣ ፕላስቲክ እኮ ነው፤ ምን ይሸታል ብለው ነው?" አላት ባለሱቁ ሬድዋን፣ ሳቁን እየዋጠ።

"ፕላስቲክ መሆኑንማ መች አጣሁት? እኔ የማሸተው ቀለሙን ነው። ርካሽ ቀለም ከሆነ አፍንጫዬን አያመልጠውም።"

እውነቷን ነው። ጀዊሪያ ዕድሜዋን ሙሉ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ፊቷ ጨርቅ ሲዘረጋ እጇ አርፎ አይቀመጥም፤ ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ይገለብጣል፣ ይፈትጋል። ዛሬ ለጓሮዋ ሰው ሠራሽ ሳር ልትመርጥ መጥታም ያንኑ ሁሉ አደረገች። ሬድዋን ከጥቅሎቹ ሁለቱን ወለሉ ላይ ዘርግቶላታል። አንደኛው አጭርና ሻካራ ነው። ገልብጣ ብታየው ጀርባው ተበሳስቷል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ብል የበላውን ነው የምትሸጥልኝ?"

"ኧረ ማዘር! ሲሠራ ነው እንደዚያ የተበሳው። እሱ እኮ ለ..."

"ተወው፣ ተወው! ቀዳዳ ያለበት ዕቃ ቤቴ አላስገባም።"

ሬድዋን የጀመረውን ሳይጨርስ ቀረ። ጀዊሪያ ገበያ ላይ ስትሆን ሌላ ሰው የሚያወራበት ፋታ አትሰጥም። ይሄ ጠባይዋ ሽሮ ሜዳ ብዙ ጠቅሟታል፤ እዚህ ግን ጉድ ሠራት።

ሁለተኛው ሳር ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጣት የሚውጥ ነው። ጀርባው ድፍን፤ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። ጀዊሪያ እጇን ሰድዳ ደባበሰችውና "አቤት!" አለች። "ዕቃ ማለት እንዲህ ነው።"

"ለምን ነበር የፈለጉት ማዘር?"

"ባለቤቴ ታሞብኝ ነው። ጓሮ ሊራመድበት። ቢወድቅ እንኳ እንዳይጎዳብኝ።"

"እንግዲያው ከዚህ የሚሻል የለም። አላህ ያሽርልዎት።"

"አሚን።"

ቤቷ ስላሉት ሁለት ውሾች ትንፍሽ አላለችም። ልትደብቀው ፈልጋ አይደለም፤ ሳሩን የምትገዛው ለባሏ ለሸፊ ነው፣ ውሾቹ ደግሞ ውሾች ናቸው፣ የትም ያድራሉ። ዋጋው ሲነገራት ዓይኗ ፈጠጠ፤ የሁለት ወር ትርፏ ነው። ቢሆንም ወሰነች። ነጋዴ ናትና ናሙና ሳትሞክር ግን ብሯን አትሰጥም። ሬድዋን የመስገጃ ያህል ቆርጦ ጠቀለለላትና ታክሲ ተሳፈረች።

ታክሲው የጳውሎስን ዳገት ሲያያዘው ናሙናውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታስባለች። ሸፊ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አምና ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ዛለ። ሆስፒታል ተኝቶ ታክሞ፣ ምስጋና ለአላህ፣ በእግሩ ወጣ። ሲወጣ ፊዚዮቴራፒስቷ ጀዊሪያን ለብቻዋ ጠርታ "እናቴ፣ የእሳቸው መድኃኒት መራመድ ነው" አለቻት። "በየቀኑ ካልተራመዱ እግራቸው ይከዳቸዋል። ከዚያ በኋላ ከአልጋ ማንሳት ከባድ ነው።"

በየት ይራመድ? ከበራቸው ፊት ያለው ኮብልስቶን ጤነኛውንም ቁና ቁና የሚያስተነፍስ ዳገት ነው። ደልዳላ መሬት ያላቸው ጓሮው ብቻ ነው። በጋውን ሸፊ ከዘራውን ይዞ፣ ሁለቱን ውሾቹን አስከትሎ፣ ከግንቡ እስከ ውኃ ታንከሩ ሲመላለስ ነበር። አሮጊቷ ሎሚ ሁልጊዜ በደካማ ጎኑ በኩል ትሄድለታለች፤ ሲቆም ትቆማለች። ማን አስተማራት? ማንም። ልጇ መብረቅ ግን ሌላ ነው። ጎረምሳ፣ ቀውስ፣ ፍቅሩን በመዝለል ካልሆነ መግለጽ የማያውቅ።

ክረምት ሲገባ ጓሮው ጭቃ፣ ውሾቹ ሲሯሯጡበት ደግሞ ማጥ ሆነ። አንድ ጠዋት ሸፊ ብቅ ሲል መብረቅ ደስ ብሎት ዘለለበት፤ ሸፊ ተንሸራቶ በግንባሩ ተደፋ። ፊቱ ደም በደም ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከክፍሉ አልወጣም። "ዛሬ ብርድ ነው" ይላል። "ዛሬ አሞኛል" ይላል። "ነገ" ይላል። ግራ እግሩ ዓይኗ እያየ መነመነ። ጀዊሪያን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው።

ቤት ስትደርስ የሸፊ ታናሽ ወንድም ሙዘይን ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሙዘይን ደግ ሰው ነው፤ ሸፊ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ወንበር ላይ ያደረው እሱ ነው። ክፋቱ፣ የዓለም ችግር ሁሉ በአንድ ስልክ የሚያልቅ ይመስለዋል።

"እትዬ፣ ነገሩን ጨርሼልሻለሁ" አለ ገና ሳትቀመጥ። "ሱሉልታ መጋዘን ያለው ወዳጄ ሁለቱንም ውሾች ለጥበቃ ይወስዳቸዋል። እሑድ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ ጓሮውን ሊሾ እናደርገዋለን፣ ተገላገልሽ!"

"ሊሾ ላይ ቢወድቅስ? ሲሚንቶ እኮ ነው።"

"ውሻ ከሌለ ማን ይጥለዋል?"

ጀዊሪያ ናሙናውን ፈታ ዘረጋችለት። ሙዘይን አየው፣ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገውና ሳቀ።

"ይሄማ የሙሽራ ወንበር ሥር የሚነጠፈው ነው! እትዬ፣ ወንድም ጋሼን ልትድሪው ነው እንዴ?"

"ሳቅ አንተ። መጀመሪያ ልሞክረው።"

"እሺ፣ እስከ እሑድ ሞክሪው።" ፊቱ ኮስተር አለ። "ግን ልንገርሽ፣ ወንድም ጋሼ እነዚያ ውሾች እያሉ ዳግመኛ ቢወድቅ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።"

ይቺ ቃል ጀዊሪያ ልብ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። የሸፊ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበርና እዚያም ገብታለች፤ ያኔ ግን ማንም ልብ አላለም።

ሙዘይን ሲሄድ ናሙናውን የጓሮ በር ሥር አነጠፈችው። ልጇ ሀያም ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትመለስ እናቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሥራዋን ስታደንቅ አገኘቻት።

"እማ፣ እንዴት ያምራል!"

"አላልኩሽም? እጄ እኮ አይሳሳትም።"

ይሄን እያለች መብረቅ መጣ። ሳሩን አሸተተው። ዞረው። ደግሞ አሸተተው። ከዚያ አንድ እግሩን አነሳና፣ ጌታው እንደሰጠው አድርጎ፣ ተዝናንቶ ሸናበት።

"ሂድ! ሂድ አንተ የማታፍር!" ጀዊሪያ ቀሚሷን ሰብስባ ጮኸች።

ሀያም ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "እሱ ምን ያድርግ እማ? ሳር አየ፣ ሸና።"

ሽንቱ ግን የትም አልሄደም። ሳሩ መሃል ተኛ። ጀዊሪያ በጆግ ውኃ ደፋችበት፤ ውኃውም እዚያው ተኛ። ጫፉን ብድግ አድርጋ ከሥር ብታየው ደረቅ ነው። ያ መርካቶ ድረስ ሄዳ ያሞገሰችው ድፍን ጀርባ ጠብታ አላሳለፈም። በማግስቱ ደመናው ገለጥ ብሎ ፀሐይ ስትመታው የተነሳውን ሽታ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮ የሚሸናበት የአውቶቡስ ማቆሚያ ግንብ ጓሮዋ መጥቶ የቆመ መሰላት።

ጀዊሪያ ናሙናውን በሁለት ጣት አንጠልጥላ ግንቡ ሥር ወረወረችውና፣ እጇን በሳሙና ፈትጋ ታጥባ፣ የሸፊን በር በርግዳ ገባች።

"በቃኝ ሸፊ! አልቻልኩም። እሑድ ሙዘይን ይውሰዳቸው። ሊሾ ይሁን፣ ልገላገል!"

ሸፊ ፊቱን ከግድግዳው አላዞረም። ከታመመ ወዲህ አፉ በአንድ ጎን ስለሚከብደው ቃሉ ዝግ እያለ ነው የሚወጣው።

"እንግዲያው እኔም አልወጣም።"

"አሁንስ መች ወጣህ? በር ላይ ለምኜህ፣ አልቅሼብህ፣ መች ወጣህ?"

"ለምን ይመስልሻል የማልወጣው?"

"ፈርተህ ነዋ። መውደቅ ማን የማይፈራ አለ? እኔም እፈራልሃለሁ።"

"መውደቅ?" ወደ እሷ ዞረ። "የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በጭጋግ ስነዳ የኖርኩ ሰውዬ መውደቅ ልፍራ? ስሚኝ ጀዊሪያ። ብወጣ እወድቃለሁ። ይሄ እግር ዛሬ ባይጥለኝ ነገ ይጥለኛል። የወደቅኩ ቀን ደግሞ 'መብረቅ ጣለው' ትላላችሁ። ትወስዱብኛላችሁ። እዚህ ከተኛሁ አልወድቅም። ካልወደቅኩ አይሄዱም። ይኸው ነው።"

ጀዊሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች። ይሄን ሁሉ ጊዜ ይሄን ይዞ ነው የተኛው? ንዴት መጣባት፣ ከንዴቱ ኋላ ደግሞ ሐዘን የሚመስል ነገር። እግሩ ሲከሳ እያየ፣ እያወቀ፣ አፉን ዘግቶ!

"ለውሻ ብለህ ራስህን ልትገድል?"

"እንደ በሽተኛ የማያዩኝ እነሱ ብቻ ናቸው" አለ ሸፊ። "ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እጄን ነው የሚያየው፣ ከዚያ አፌን። አንቺ 'ተነስ' ስትይኝ ይደክመኛል። ሎሚ በሩን ስትቧጥጥ ግን ሳላስበው ተነስቻለሁ።"

"እና እኔ ከውሻ አነስኩ?"

"አንቺማ ትቆጫለሽ።"

በአንድ ጎን አፉ ፈገግ አለ። ጀዊሪያም ሳይታወቃት ሳቀች፤ እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ፣ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። ያቺን ፈገግታ ካየቻት ስንት ጊዜዋ!

"እሺ" አለች። "አይሄዱም።"

"ብወድቅስ?"

"ብትወድቅም አይሄዱም።"

"ሙዘይንስ?"

"ሙዘይንን ለእኔ ተወው። ወላሂ አልኩህ፤ አሁን ምን ቀረህ? ያ ሳር ግን ገማ፣ አይሆንም። ምን ላድርግ?"

ሸፊ ትራሱ ላይ ቀና አለ። "ሳሩን ለእኔ አትምረጪ" አላት። "ለእነሱ ምረጪ። እነሱ የሚሄዱበት ላይ ነው እኔ የምሄደው።"

በማግስቱ ጀዊሪያ በአንድ እጇ የገማውን ናሙና በፌስታል ቋጥራ፣ በሌላው በሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ ይዛ ሬድዋን ሱቅ ገባች። ሰላምታ ሳትጨርስ ጠርሙሱን ከፍታ ሁለቱም ሳሮች ላይ ደፋችው።

"ኧረ ማዘር! ኧረ ሱቄን!"

"ዝም በል ልጄ፣ እየመረጥኩ ነው።"

ወፍራሙ ላይ ውኃው ኩሬ ሠራ። አጭሩ ላይ ያፈሰሰችው ግን ወዲያው ገባ፤ በቀዳዳዎቹ በኩል ወርዶ የሬድዋንን ወለል፣ ቀጥሎም ጫማውን አራሰ። ዕቃ ሊገዙ የመጡት ሰዎች መገበያየታቸውን ትተው ይቺን ሴት ይመለከታሉ። እሷ ምን ገዷት! ከዚያ የባሰውን አደረገች፤ ወፍራሙ ላይ ቆመችና ሸፊ እንደሚያደርገው ግራ እግሯን እየጎተተች ሄደች። ጫማዋ በረጅሙ ሳር ተያዘ፣ ልትደፋ ነበር። አጭሩ ላይ ደግማ ሞከረችው፤ እግሯ ሸርተት እያለ ዘለቀላት።

"ያን ቀን 'እሱ እኮ ለ' ብለህ የተውከው ምን ልትል ነበር?" አለችው፣ እያለከለከች።

"ለባለውሻ ነው ልልዎት ነበር። መች አስጨረሱኝ?"

ጀዊሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ሳቀች፣ ሬድዋንም የራሰ ጫማውን እያራገፈ አብሯት ሳቀ። ሊያስረዳት ሲጀምር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ነጋዴ እስኪጨርስ ዝም ብላ ሰማች። ከሥሩ ላስቲክ እንዳታነጥፍ ነገራት፤ ጠጠር፣ በላዩ አሸዋ፣ መሬቱ ወደ ቦዩ ዘመም እንዲል። ሽታ እንዳይዝ ቶሎ ቶሎ በውኃ ማጠብ፣ አልፎ አልፎ አቼቶ በውኃ በጥብጦ መርጨት። እጇ ግን እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም። ሻካራውን ሳር ስትነካው "ይሄን ነጋዴ ቢያመጣልኝ አልገዛውም ነበር" እያለች አጉረመረመች፤ ደግነቱ ዋጋው ከወፍራሙ በግማሽ ይቀንሳል።

ቀን ሠራተኞች ጓሮውን ቆፍረው፣ ጠጠሩን ጠቅጥቀው፣ ሳሩን ቅዳሜ አነጠፉት። ጀዊሪያ ሁሉንም አላስሸፈነችም። መብረቅ መቆፈር ይወዳልና፣ ሳሩን ከሚቀድባት ብላ ግንቡ ሥር ያለውን አፈር ለእሱ ተወችለት።

እሑድ ጠዋት ሙዘይን መጣና ጀዊሪያን ጓሮ አገኛት። በስልክ "መኪናውን ተወው" ብትለውም ፒክአፑን በር ላይ አቁሟል፤ ገመድም ይዟል።

"ለማንኛውም ብዬ ነው እትዬ" አለ፣ ዓይኗን እየሸሸ። "ቆሞ ይጠብቀን።"

ጀዊሪያ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት የጓሮው በር ሲጥጥ ብሎ ተከፈተ። ሸፊ ከዘራውን ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል። ሀያም ከኋላው አለች፣ ግን አልያዘችውም። ሎሚ ጅራቷን እየወዘወዘች መጥታ በግራ ጎኑ ቆመች። መብረቅ ደግሞ የደስታውን አንዴ ጓሮውን ዞረው፣ ደግሞ ዞረው።

"ቢስሚላህ" አለ ሸፊ። ወረደ።

አንድ እርምጃ ሄደ። ቀጠለ። ግራ እግሩ ሳሩ ላይ ሸርተት ይላል፣ ከዘራው ቀድሞ ይተከላል፣ ሎሚ ትከተላለች። ጀዊሪያ በከንፈሯ ትጸልያለች። ታንከሩ ጋ ደረሰ። አልሐምዱሊላህ! ሀያም ልታጨበጭብ እጇን አነሳች። ሸፊ ግን ሊዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ መብረቅም ያን ጊዜ አጠገቡ ሲሮጥ ነበር፣ ነካው አልነካው ማንም በትክክል አላየም። ሸፊ በጎኑ ዘጭ ብሎ ወደቀ።

ሀያም ጮኸች። ሙዘይን በሁለት እርምጃ ደርሶ የመብረቅን የአንገት ማሰሪያ ጨመደደ።

"አላልኩም? አላልኩም እትዬ? በዓይናችሁ አያችሁ! አሁን ነው የማስጭነው!"

ጀዊሪያ ሸፊን ልታነሳ ተራመደች። ሸፊ ግን የወደቀ ጎኑን አልዳሰሰም፤ ከዘራውን አልፈለገም። የሚያየው እሷን ነው። ሕፃን ጥፋቱን ሊነግሩበት ሲሉ እናቱን እንደሚያይ፣ ዓይኑን ፊቷ ላይ ተክሏል። ግንባሩን አየች፤ ደም የለም። እጁን አየች፤ ይንቀሳቀሳል። ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ተኝቶ እንደከረመ ትዝ አላትና ባለችበት ቆመች።

"ሙዘይን፣ ልቀቀው።"

"እትዬ፣ ወንድሜ ወድቆ እያየሁ?"

"ይውደቃ!" አለች ጀዊሪያ። "ሳሩን የገዛሁት ለምን ሆነና? ወድቆ ይነሳል። ነገም ይወድቅ ይሆናል፣ ነገም ይነሳል። ውሾቹ አይሄዱም። ውሻውን ልቀቅና መኪናውን መልስልኝ።"

ሙዘይን ወንድሙን አየ፣ እሷን አየ። እጁ ላላ። መብረቅ አፈትልኮ ሮጠና የሸፊን ጆሮ ይልስ ጀመር።

"ኤዲያ፣ ሂድ አንተ!" አለ ሸፊ፣ እየሳቀ። በደህና እጁ ሳሩን ተደግፎ በጉልበቱ ቆመ፣ ሌላውን የሎሚ ጀርባ ላይ አሳረፈ። ሀያም ልትረዳው ስትንደረደር ጀዊሪያ ክንዷን ይዛ አስቀረቻት።

"ተዪው" አለቻት። "ራሱ ይነሳል።"